አሮጌ ሰዓት ሁሉ ብርቅ አይደለም፦ ሰብሳቢዎች በእርግጥ የሚፈልጉት ምንድን ነው?

በጋሞ ዞን፣ ከደጋው ጨንቻና ዶርዜ አንሥቶ እስከ ቆላው የአርባ ምንጭ ዙሪያ ድረስ፣ ከአያት ወይም ከአባት የወረደ የእጅ ሰዓት በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ግርጌ የሚቀመጥበት ቤት ይገኛል። ሰዓቱ ምናልባት ቆሟል፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያውም ከጠፋ ሰንብቷል። ይሁን እንጂ «አሮጌ ሰዓት በውጭ ሀገር በሚሊዮን ይሸጣል» የሚል ወሬ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን በተሰማ ቁጥር ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ከሁለት ስሕተቶች አንዱ ይከተላል። አንዱ ወገን ተራውን ሰዓት እንደ ታላቅ ሀብት ቆጥሮ ገዥ አመጣለሁ ለሚል ደላላ ቅድሚያ ገንዘብ ይከፍላል። ሌላው ደግሞ በእርግጥ ዋጋ ሊኖረው የሚችለውን ሰዓት «አዲስ ይምሰል» ብሎ ያስወለውላል፣ ገጹን ያስቀባል፣ ወይም ለወርቅ ሠሪ በግራም አስመዝኖ ይሸጣል። የሁለተኛው ስሕተት ጉዳት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የጠፋ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፣ የተወለወለ ሰዓት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ሁለቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ከአንድ አስተሳሰብ ነው፤ ይኸውም አሮጌ የሆነ ነገር ሁሉ ብርቅ ነው፣ ወርቅ የሆነ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው የሚለው ነው። የሰዓት ሰብሳቢዎች ገበያ ግን ዕድሜንም ወርቅንም ከዋና መለኪያዎቹ ተርታ አያስቀምጥም። ለዚህ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በቀጥታ የተያያዘ አንድ ሰዓት ከሁሉ የተሻለ አስረጅ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ስዊዘርላንድን ጎብኝተዋል። ከዚያ ጉብኝት ጋር ስሙ የሚነሣው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1839 በጄኔቭ የተመሠረተው ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው ድርጅት የሠራው፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497 የሆነ የእጅ ሰዓት ነው። አካሉ ከቢጫ ወርቅ የተሠራ፣ ገጹ ጥቁር፣ የሰከንድ ጠቋሚው ከመሐል የሚነሣ ሲሆን፣ ዕለቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል።

የዚህ ሰዓት ዋና ጥበብ በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ተራ ቀን ጠቋሚ ሰዓት ወር ሁሉ 31 ቀን ያለው እየመሰለው ስለሚቆጥር፣ 30 ቀን ባላቸው ወሮች ማግሥት ባለቤቱ በእጁ ማስተካከል ይኖርበታል። ይኸኛው ግን የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ፣ የካቲታቸውም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 29 እንደሚሆን በጥርሶቹ አቀማመጥ «ያውቃል»። በውስጡ ካሉት ክፍሎች አንዱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር፣ ዙሪያው እንደየወሩ ርዝመት ከፍና ዝቅ ብሎ የተፈለፈለ ክብ ነው። ሳይቆም እስከሄደ ድረስ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 የሰው እጅ አይፈልግም። የሚያስገርመው ግን፣ ይህን ያህል የተራቀቀው ሰዓት የባለቤቱን ሀገር ዘመን አቆጣጠር ጨርሶ አለማወቁ ነው። ጳጉሜን የሚቆጥርበት ጥርስ የለውም። በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የቆመ ዘበኛ ያለ ሰዓት የሚያውቀውን ቀን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት አያውቀውም ነበር።

ይህ ሰዓት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በጄኔቭ በክሪስቲስ አጫራች ድርጅት ለጨረታ ሊቀርብ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ከንጉሣዊው ቤተሰብ ወገን የባለቤትነት ጥያቄ በመነሣቱ ከጨረታው እንዲወጣ ተደረገ። ጉዳዩ በሕግ መፍትሔ ካገኘ በኋላ ኅዳር 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው በጄኔቭ ዳግም ቀረበ። አጫራቹ አስቀድሞ የገመተው ዋጋ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ነበር። የተሸጠበት ግን 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ነው።

ይህ ገንዘብ የተከፈለው ለምንድን ነው? ለወርቁ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ በአንድ የእጅ ሰዓት ላይ ያለው ወርቅ ቢቀልጥ ከዚያ ዋጋ ኢምንት የሆነውን ክፍል እንኳን አይሸፍንም። ለዕድሜውም አይደለም፤ ከእርሱ በመቶ ዓመት የሚበልጡ የኪስ ሰዓቶች በአውሮፓ ገበያዎች በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ምክንያት ቁጥሩ ነው። ሞዴል 2497 ከ1951 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተሠራ ሲሆን፣ ሰብሳቢዎች የሚቀበሉት አኀዝ 179 ብቻ ነው። ሁለተኛው ከእነዚህም መካከል ጥቁር ገጽ ያለው ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው፤ የዚህ ሞዴል ገጽ በአብዛኛው ነጣ ያለ ነው። ሦስተኛውና ዋጋውን ከግምቱ በላይ ያስፈነጠረው የባለቤቱ ማንነት ነው። የዚያው ሞዴል ሌሎች ሰዓቶች ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ።

ከዋጋው ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የሁለቱ ዓመታት መዘግየት ነው። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2017ም ያው ሰዓት ነበር፤ ገጹም ጥርሱም አልተለወጠም። በመጀመሪያው ጊዜ እንዳይሸጥ ያደረገው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በሰብሳቢዎች ዓለም አንድ ሰዓት ከፋብሪካ ወጥቶ ዛሬ እስካለበት እጅ ድረስ የተጓዘበት መንገድ የሰዓቱ አካል ሆኖ ይቆጠራል። መንገዱ ከተቋረጠ ወይም ካጠራጠረ ዋጋውም አብሮ ይቆማል።

ሦስት የመጨረሻ ነገሥታት

የኃይለ ሥላሴ ሰዓት ብቻውን አይደለም። የቬትናም የመጨረሻ ንጉሥ ባኦ ዳይም በዚያው በ1954 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ አንድ የወርቅ ሮሌክስ ገዝተው ነበር። የሀገራቸው ዕጣ በጉባኤ እየተወሰነ በነበረበት ከተማ ማለት ነው። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በጨረታ ሲቀርብ 235 ሺህ ዶላር አካባቢ አወጣ፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዳግም ሲቀርብ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በ15 ዓመት ውስጥ በሰዓቱ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። የተለወጠው የፈላጊው ብዛት ነው።

የቻይና የመጨረሻ ንጉሥ የፑ ዪ ሰዓት ታሪክ ደግሞ ለሰዓት ባለቤቶች የተለየ ትምህርት አለው። ፑ ዪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት በካባሮቭስክ ታስረው ሳለ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የሠራውን የእጅ ሰዓታቸውን ለአስተርጓሚያቸው ሰጡ። ከዚያ በፊት ግን፣ አጫራቹ ድርጅት ባሰባሰበው ታሪክ መሠረት፣ የሰዓቱ ገጽ ከፕላቲኒየም የተሠራ መሆኑን ለማወቅ አገልጋያቸው ገጹን እንዲፍቀው አዘውት ነበር። አገልጋዩ ግማሹን ከፋቀ በኋላ ነገሩ ተራ ብረት መሆኑ ታወቀና ተወው። ሰዓቱ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ሲሸጥ የተፋቀው ገጽ እንደተፋቀ ነበር፤ ዋጋውም 6 ሚሊዮን ዶላርን አልፏል። ግማሽ ገጹ የተበላሸ ሰዓት ይህን ያህል ማውጣቱ እንግዳ ይመስላል። ሆኖም ያ ጭረት ሰዓቱ በእርግጥ በእስር ቤቱ ውስጥ የነበረው ለመሆኑ ምስክር ነው። አንድ ሰው በቅን ልቦና ገጹን አስቀብቶት ቢሆን ኖሮ ምስክሩ በጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፑ ዪ ጭረት ዋጋ ስላለው የሁሉም ሰው ጭረት ዋጋ አለው ማለት አይደለም። ጉዳት ዋጋ የሚኖረው የታወቀ ታሪክ ሲያስረዳ ብቻ ነው።

ማንም ያልፈለገው ሲፈለግ

ንጉሥ ያልነካው ሰዓትስ? እስካሁን ከተሸጡት የእጅ ሰዓቶች መካከል ስማቸው ከገነነው አንዱ ከወርቅ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረው ሮሌክስ ዳይቶና ጥቅምት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በኒውዮርክ 17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሰዓቱን ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ ገዝታ በጀርባው ላይ በጥንቃቄ እንዲነዳ የሚያሳስብ አጭር ቃል አስቀርጻበት ነበር፤ ኒውማን የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ነበርና። እርሱም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሴት ልጁ ጓደኛ በስጦታ ሰጠው።

የዚህ ሞዴል ሰዓቶች በጊዜያቸው በብዙ ሺህ ተሠርተዋል። በኒውማን ሰዓት ላይ የነበረው ያልተለመደ ገጽ ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ገዥ አልነበረውም፤ ነጋዴዎች ሱቃቸው ውስጥ ታቅፈውት ይከርሙ ነበር። ስላልተፈለገ ጥቂት ተሠራ፤ ጥቂት ስለተሠራ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሰብሳቢዎች ሲሹት በብዛት ሊገኝ አልቻለም።

ይህ የግብርና ባለሙያ በሚገባ የሚያውቀው ነገር ነው። በጋሞ ደጋ አርሶ አደሮች የእንሰት ዝርያዎችን በስም ለይተው ያውቃሉ፤ ቆጮው የበዛና ቶሎ የደረሰ ዝርያ ጓሮውን ሲወርስ ሌላው በአንድ ሁለት ቤት ብቻ ይቀራል። ከዚያ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይገባና፣ ባለሙያው በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ፍለጋ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ተናቀው እንሰት ይሆናል። ልዩነቱ እንሰቱ ሊባዛ መቻሉ ነው። የጨንቻ አፕልም ቢሆን ዛሬ ብርቅ የሆነው ዝርያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በማዳቀልና በማባዛት ከብዙ ጓሮ ይገኛል። በ1954 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሰዓት ግን ሊባዛ አይችልም። ፋብሪካው ዛሬ ያንኑ የሚመስል ቢሠራ የዛሬ ሰዓት ነው። ቁጥሩ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እየቀነሰ።

የቀነሰበት ምክንያትም ብዙ ነው። የጃፓኑ ሴይኮ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ በኋላ የሚሞላ ሰዓት እንደ ኋላቀር ዕቃ ተቆጠረ። በስዊዘርላንድ በርካታ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ መሣሪያዎቻቸው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 መባቻ የወርቅ ዋጋ ሲንር ደግሞ የወርቅ ሰዓቶች ማሽናቸው እየወጣ አካላቸው ቀለጠ። ከ179 ሰዓቶች ዛሬ በደህና የሚገኙት ስንት እንደሆኑ ሰብሳቢ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

የዶርዜ ቤትና የተወለወለ ሰዓት

ከቁጥርና ከታሪክ ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያ ሰዓቱ ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ መገኘቱ ነው። ይህን ለማስረዳት ከዶርዜ ቤት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል የሚለበሰው ይህ ረጅም ቤት ሲሠራ ቁመቱ ብዙ ሜትር ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ክፍል እየተቆረጠ ይሄዳል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት ያጥራል። የሚያውቅ ሰው ዕድሜውን ከቁመቱ ይገምታል።

ሰዓት በተወለወለ ቁጥር የሚሆነው እንደዚሁ ነው። ውልወላ ጭረትን የሚያጠፋው ብረቱን በመሙላት ሳይሆን ዙሪያውን በመሸርሸር ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተወለወለ ሰዓት ጠርዞቹ ይደንዛሉ፣ የማሰሪያው መያዣዎች ይሳሳሉ፣ በጀርባው የተቀረጸው ቁጥርም ይደበዝዛል። የዶርዜ ቤት ግን ማጠሩን አይደብቅም፤ የተወለወለ ሰዓት «አዲስ ነኝ» ይላል። ሰብሳቢ የሚሸሸውም ይህን ነው።

ገጹ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በማንኛውም ከተማ የመንገድ ዳር ሰዓት ሠሪ ሥራው የቆመውን ማስኬድ ነው፤ የተበላሸ ጠቋሚ ከሌላ ሰዓት አውጥቶ ይተካል፣ የጠቆረ ገጽ ያስቀባል። ለሰዓቱ ባለቤት ይህ ትክክለኛ አገልግሎት ነበር፤ ሰዓት የሚያዘው ጊዜ ለማየት ነውና ሠሪው ሊወቀስ አይገባም። ውጤቱ ግን ከሚሞሉ አሮጌ ሰዓቶች መካከል የራሱን ገጽ፣ የራሱን ጠቋሚና የራሱን ማሽን እንደያዘ የቀረው ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህም ጸሐይ ያደበዘዘው፣ ቡናማ የሆነ፣ ግን ያልተነካ ገጽ፣ ከሚያብለጨልጭ አዲስ ቀለም ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ገጽን ከመነካካት የሚያስቆጥብ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ጤና ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ በርካታ ሰዓቶች ላይ በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥሮቹና ጠቋሚዎቹ ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይቀቡ ነበር። በአሜሪካ ይህን ቀለም በብሩሽ ይቀቡ የነበሩ ሴት ሠራተኞች፣ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ በመሥራታቸው ለከባድ ሕመምና ለሞት ተዳርገዋል። ዛሬ ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ራዲየሙ ግን አለ፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። መስታወቱ የተዘጋ ሰዓት በሣጥን መቀመጡ ብዙም አያሰጋም። ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ፣ ብናኙን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ወይም ለሕፃናት መጫወቻ መስጠት ግን አደገኛ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰዓት

ታዲያ በሣጥን ግርጌ ያለው ሰዓት ምን ሊሆን ይችላል? እውነቱ ሊነገር ይገባል፤ በአብዛኛው ተራ ሰዓት ነው። ሴይኮ 5፣ ኦሪየንትና ሲቲዝን በሚሊዮን የተሠሩ ናቸው። ጠንካሮች፣ ለባለቤታቸው ታማኞች ናቸው፤ ለሰብሳቢ ግን ብርቅ አይደሉም። ኦሜጋና ቲሶ የሚል ጽሑፍ ያለበትም ቢሆን ስሙ ብቻውን አያስተማምንም፤ ስሙ በተቀባ ገጽ ላይ በቀላሉ ይጻፋልና። ወርቅ የሚመስለው አብዛኛው ወርቅ ቅብ ነው። በጀርባው ላይ «ጀርባው የማይዝግ ብረት ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ፣ የቀረው አካል ሌላ ተራ ብረት ተቀብቶ እንደሆነ ይጠቁማል። 18 ካራት የሆነ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በጀርባው ውስጠኛ ክፍል 750 የሚል ቁጥር ወይም ሌላ የወርቅ ምልክት አለው።

ሊለይ የሚችለው ታሪኩ ነው። በጀርባው ስም፣ ዓመተ ምሕረት ወይም የመሥሪያ ቤት ስጦታ መሆኑ የተቀረጸበት፤ አያት በእጃቸው አድርገውት የተነሡት ፎቶግራፍ ያለው፤ የግዥ ደረሰኙ ወይም የመጀመሪያ ሣጥኑ ያልጠፋ ሰዓት ከብጤዎቹ ይለያል። ፓቴክ ፊሊፕን የመሳሰሉ አንዳንድ አምራቾች በማሽኑና በአካሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከጥንት መዝገባቸው ጋር አመሳክረው ሰዓቱ መቼ እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት በክፍያ ይሰጣሉ። መዝገቡ የሚናገረው ግን እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማን እንደሰጠ፣ ለማን፣ ስለምን የሚያውቁት በቤት ያሉ አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱ የሚሉትን ከነቀኑ በጽሑፍ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ከሀገሪቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሰዓት ሲገኝ ሕጉም ይመለከተዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣትን ይከለክላል። በእንግዳ ሻንጣ ይሂድ ከማለት በፊት የዞኑን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ማማከር ይገባል። ከመሸጡ በፊት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ሰዓቱን «ለማስመርመር» ያለ ደረሰኝ ወስዶ ለመሄድ የሚቸኩል ገዥ ሲያጋጥምም መልሱ አንድ ነው፤ ሰዓቱ ከሣጥኑ አይውጣ።

ሰዓቱን አስጠግኖ ማሰር የሚፈልግ ቤተሰብም አለ፤ ይህም መልካም ነው። ወደ ሰዓት ሠሪ ከመውሰድ በፊት ፊቱንና ጀርባውን በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ በጀርባው ያለውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ፣ ለሠሪውም ማሽኑን ብቻ አጽድቶ ዘይት እንዲቀባ፣ ገጹንና ጠቋሚዎቹን እንዳይነካ፣ አካሉን እንዳይወለውል አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የሚለወጥ ዕቃ ካለ አሮጌው በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ከሰዓቱ ጋር ይመለስ።